ሦስት መቶ ሺህ ኪሎሜትር የሄደ ፕራዶ ይገዛል?

«ሦስት ቀን ሙሉ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም» ተብለን ነው የሄድነው። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳሳርፍ ግን ትኩስ ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ ጠዋት ሁለት ተኩል። ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረ መኪና ኮፈኑ በረዶ መሆን ነበረበት። መኪናውን ሊገዛ የመጣው የአክስቴ ልጅ ይህን አላስተዋለም። እሱ ወንበሩን እያየ ነው። ነጭ ፕራዶ፣ በፈረንጆቹ 2011 ሞዴል፣ 3.0 ናፍጣ፣ የቆዳ ወንበር፣ ጣሪያው የሚከፈት። ክሩስኮቱ ላይ 142 ሺህ ኪሎሜትር ይላል።

አብሮን የመጣው ሜካኒክ ሞተሩን ገና አላስነሳም። ጎንበስ ብሎ የፍሬን ፔዳሉን አየ። የፔዳሉ ጎማ ጥርሱ አልቆ እንደ ሳሙና ልሟል። መሪው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ ያብረቀርቃል። የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚፈትገው ጎን፣ ቀለም ተቀብቷል። ከዚያ የሾፌሩን በር ከፈተና ማጠፊያው ጋ ያለውን አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገ። የደበዘዘ የዘይት ቅያሪ ስቲከር አለ። በእስክሪብቶ የተጻፈው ጽሑፍ ግማሹ ጠፍቷል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። ቀጣይ ቅያሪ 268 ሺህ።

ደላላው «የድሮ ነው፣ ተሳስተው ጽፈውት ይሆናል» አለ። ሜካኒኩ አልመለሰለትም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ለአክስቴ ልጅ «አለቃ፣ ሄደን ቁርሳችንን እንብላ» አለው።

ይህን ያነሳሁት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ነው። «ብዙ የሄደ ፕራዶ አለ፣ ልግዛው?» ይላሉ። «ላንድክሩዘር ቪ8 በጥሩ ዋጋ አገኘሁ፣ ግን 280 ሺህ ሄዷል» ይላሉ። የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። 300 ሺህ የሄደ መኪና አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ 300 ሺህ ሄዶ 140 ሺህ የሚል መኪና ነው። ሁለቱ በብረት አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱን ግን ታሪኩን አውቀን እንይዘዋለን፤ ሌላውን በጨለማ ነው የምንነዳው።

እንዲህ ዓይነቱ መኪና ለምን ይህን ያህል እንደሚፈለግ ለማወቅ ወደ ኋላ ትንሽ መሄድ ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ፣ በተለይ ሰባት ዓመት ባለፈው ላይ፣ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። አሮጌ መኪና ከዱባይ አምጥቶ መሸጥ ያን ጊዜ ነው የተዳከመው። ጥቅምት 2015 ላይ የውጭ ምንዛሬ ከተከለከለላቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች አንዱ አውቶሞቢል ሆነ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ።

እነዚህ ሁሉ ተደማምረው አገር ውስጥ ያለውን የነዳጅ መኪና ባለበት ቆለፉት። ሌላ አገር መኪና ባረጀ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። እዚህ ግን የዛሬ አሥር ዓመት ፕራዶ የገዛ ሰው ዛሬ በብር ካወጣው በላይ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ባለቤቱ መኪናውን እንደ መሬት ነው የሚያየው። ገዢውም ሌላ አማራጭ ስለሌለው ይቸኩላል። ኪሎሜትር መመለስ፣ ማለትም የሄደውን ቁጥር ዝቅ ማድረግ፣ እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ድካሙ ትንሽ፣ ትርፉ ብዙ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኬብል፣ ግማሽ ሰዓት። ሕሊና ለሌለው ሰው ቀላል ሥራ ነው።

ብዙዎች ኪሎሜትር መመለስ የዋጋ ማጭበርበር ብቻ ይመስላቸዋል። ከዚያ የከፋ ነው። ኪሎሜትር የመኪናው የቀን መቁጠሪያ ነው። ዘይት መቼ፣ ቤልት መቼ፣ የካምቢዮ ዘይት መቼ፣ ኩሽኔታ መቼ እንደሚቀየር የምናውቀው በእሱ ነው። ቁጥሩ ሲሰረዝ ከገንዘባችን ጋር የጥገናው ቀንም አብሮ ይጠፋል።

የዚያን ነጭ ፕራዶ ነገር ላስላላችሁ። 3.0 ናፍጣው፣ ሜካኒኮቹ «ዋን ኬዲ» የሚሉት ሞተር፣ የቫልቭና የፒስተኑን እንቅስቃሴ በሚያቀናጅ ቀበቶ፣ በታይሚንግ ቤልት፣ ነው የሚሠራው። ቤልቱ በ150 ሺህ ኪሎሜትር መቀየር አለበት። ጊዜው ሲደርስ ክሩስኮቱ ላይ የቤልት መብራት ይበራል። ገዢው 142 ሺህ የሚል ቁጥር ሲያይ «ገና 8 ሺህ ይቀረዋል» ብሎ ይረጋጋል። እውነቱ ግን መኪናው 268 ሺህ አካባቢ ሄዷል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ቤልቱ 150 ላይ ተቀይሮ ከሆነ ጥሩ። ካልተቀየረስ? ከመቶ ሺህ ኪሎሜትር በላይ አልፎበታል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የለም። ቤልቱ በጉዞ ላይ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያኔ ጉዳዩ የቤልት መሆኑ ይቀራል። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ይወርዳል፣ ሲከፋም ሙሉ ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ መውረድ ይመጣል።

በዚሁ ሞተር ላይ ሁለተኛ የታወቀ ሕመም አለ። ነዳጁን ወደ ሞተሩ ከሚረጨው ከኢንጀክተሩ ሥር ትንሽ የመዳብ ዋሸር አለች። እሷ ስትደክም የተቃጠለው ጋዝ በጎን ያመልጥና ዘይቱን ያበላሻል። ጥቀርሻው ቀስ እያለ ወርዶ ዘይቱ የሚሳብበትን ወንፊት ይደፍነዋል። ዘይት መለኪያውን ብታወጡት ሙሉ ነው፤ ዘይቱ ግን ወደ ላይ አይወጣም። ሞተሩ በደረቁ ይዞራል። ደግነቱ ኢንጀክተር ሲታመም ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ጠዋት ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ ኳኳታ ይሰማል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል። ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል።

የዚያ ኮፈን ትኩሳት ለምን እንዳሳሰበኝ አሁን ይገባችኋል። ሞተሩን አሙቆ የሚጠብቃችሁ ሻጭ የጠዋቱን ድምፅ እንድትሰሙ አልፈለገም ይሆናል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ አስቀድማችሁ «ሞተሩ እኛ ስንደርስ ነው የሚነሳው» በሉ። ተነስቶ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ተመለሱ። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ።

በፈረንጆቹ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ የመጣው 2.8 ናፍጣ በቤልት ፋንታ ሰንሰለት ስላለው በዚህ በኩል ይሻላል። ዋጋውም ታዲያ በዚያው ልክ ነው። ረከስ ያለ ፈልገው 2.7 ቤንዚኑን የሚገዙ አሉ። ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ ጥገናው ቀላል ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ተርቦ የለውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ባሕር ዳርቻ ላይ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 125 አካባቢ ይሆናል፤ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይዞ እንጦጦን ሲወጣ ደግሞ ይታያችሁ። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይረግጣል። በመግዣው ያተረፈውን በቤንዚን ማደያ ይመልሰዋል።

ቪ8 ሌላ ዓለም ነው። ላንድክሩዘር 200 በፈረንጆቹ ከ2007 መጨረሻ እስከ 2021 የተመረተ ነው። እንደ አሠራሩ ከሆነ 400 ሺህና 500 ሺህ ኪሎሜትር መሄድ ይችላል፤ የሄዱም ብዙ ናቸው። ችግሩ ሁሉም ነገር እጥፍ መሆኑ ነው። 4.5 ናፍጣው ስምንት ኢንጀክተር፣ ሁለት ተርቦ አለው። ዘይት ሲቀየር ከ9 ሊትር በላይ ይጠጣል፤ ፕራዶው 7 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። አንድ ኢንጀክተር ሲሄድ ሌሎቹም ብዙ ሳይቆዩ ይከተላሉ። ምክንያቱም ሁሉም የጠጡት ናፍጣ አንድ ነው። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን በጄሪካን የተገዛ፣ ውሃ ይኑረው አፈር የማይታወቅ ናፍጣ ስንት ጊዜ እንደገባበት ማን ያውቃል?

ቪ8 ስታዩ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የአየር ማጣሪያውን ቤት አስከፍቱና ከማጣሪያው በኋላ ወደ ተርቦው የሚሄደውን ቱቦ ውስጡን በጣታችሁ ጥረጉት። ጣታችሁ ላይ አቧራ ከወጣ ያ ሞተር አፈር ሲበላ ነው የኖረው። የዚህ ሞዴል ማጣሪያ ቤት በደንብ ካልገጠመ አቧራ እንደሚያሳልፍ የታወቀ ነው። የእኛ አገር የጠጠር መንገድ ደግሞ አያዝንለትም። በነፃ የሚደረግ ምርመራ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይወስድም። ግን ሲያደርገው ያየሁት ገዢ በጣም ጥቂት ነው።

የቤንዚን 4.7 ቪ8 ያላቸው የቀደሙት ላንድክሩዘሮችና ሌክሰሶች በሞተር ጥንካሬ ስማቸው የተመሰገነ ነው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። እነሱም ግን ቤልት አላቸው። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞቶሪኖ ደግሞ ሞተሩ መሐል፣ የአየር ማስገቢያው ሥር ነው የተቀበረው። ሌላ መኪና ላይ በአንድ ሰዓት የሚወርድ ዕቃ እዚያ የቀን ሥራ ይሆናል። ብዙ ሰው የዕቃውን ዋጋ ብቻ ጠይቆ ይሄድና የእጅ ዋጋ ሲነገረው ይደነግጣል።

ሌክሰስ ኤልኤክስ እና ሬንጅ ሮቨር የሚያምራቸው ደግሞ አሉ፤ ውስጡ ገብቶ ለተቀመጠ ሰው ፈተና መሆኑን አልክድም። የኤልኤክሱ ከፍታ የሚስተካከለው በዘይት ግፊት ነው፤ የሬንጅ ሮቨሩ በአየር። ሁለቱም ሲያረጁ ያፈሳሉ። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ ሬንጅ ሮቨር ጠዋት በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። አንዳንዱ ጋራዥ ያንን ሁሉ አውጥቶ ተራ ሞላ ይገጥምለታል። መኪናው ይቆማል፣ ይሄዳል፤ የተገዛበት ምቾት ግን አብሮት ወጥቷል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ መለዋወጫ በፈለጋችሁት ቀን በማይገኝበት ከተማ ብዙ የሄደ ሬንጅ ሮቨር መግዛት አልመክርም። ፕራዶና ላንድክሩዘርን የሚያዋጣቸው ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ዕቃ ስለምታገኙ፣ አስመጪው ሞኤንኮም ኦሪጅናሉን ስለሚይዝ፣ ሰፈር ያለው ሜካኒክም እጁ ስለለመደው ነው። ዱባይ ወይም ሻርጃ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ የዴንሶ ኢንጀክተር በሻንጣ ያስመጣል። ፎርጅዱ በየሱቁ በዝቷልና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሞተሩ እኩል ወረቀቱን መርምሩ። እዚህ ላይ ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። ብዙ የሄደ መኪና ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ መቀየሩ በራሱ ነውር የለውም፤ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ ግን ቦሎ ሲወሰድና ስም ሲዛወር ጣጣ ነው። የጉምሩክ ወረቀቱን፣ ዲክላራሲዮኑን፣ ጠይቁ። በኤምባሲ፣ በዕርዳታ ድርጅት ወይም በኢንቨስትመንት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ቀረጡ ይመጣል። በላንድክሩዘር ላይ ያ ቀረጥ ቀላል ገንዘብ አይደለም። መኪናው በባንክ ወይም በፍርድ ቤት መታገዱን ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ቢሮ አጣሩ። «በውክልና ነው የምሸጠው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና እንዳልተሻረ ሳታረጋግጡ ብር አታስተላልፉ። ቀብድ የምትከፍሉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ ውልና ማስረጃ።

ከተገዛ በኋላስ? ብዙ ሰው ያለውን ገንዘብ ጠርጎ መኪናውን ይገዛና ለመጀመሪያው ዘይት ቅያሪ ይበደራል። እኔ እንዲህ ነው የምለው፤ አራት ሚሊዮን ብር ካላችሁ የሦስት ሚሊዮን ተኩል መኪና ግዙ። የቀረው የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ነው። ታሪኩን በእርግጠኝነት በማታውቁት መኪና ላይ የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የዲፈረንሻል ዘይት፣ የነዳጅና የአየር ማጣሪያ፣ የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ ቤልት ካለውም ቤልቱ ከነውሃ ፓምፑ በአንድ ጊዜ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ቆጠራው ከእናንተ ይጀምራል። ጎማ አሮጌ ከሆነ እሱም ይጨመር። አምስተኛውን፣ የመለዋወጫውን፣ አትርሱ፤ ብዙ ጊዜ ከሥር ተንጠልጥሎ ደርቆ ነው የሚገኘው።

ነዳጁን ሒሳብ እንሥራው። በወር 1,000 ኪሎሜትር የሚነዳ ሰው በአዲስ አበባ መጨናነቅ ውስጥ ናፍጣ ፕራዶ በመቶ ኪሎሜትር 12 ሊትር ቢበላበት 120 ሊትር ነው። ሊትሩ 100 ብር ካለፈ ቆይቷል፤ በ100 ብንይዘው እንኳ 12 ሺህ ብር። ቪ8 ከሆነ 15 እና 16 ሺህ። ይህ ሳይበላሽ፣ ሳይጋጭ፣ ኢንሹራንስ ሳይከፈልበት ነው።

«ታዲያ ኤሌክትሪክ መኪና አይሻልም?» ትሉኝ ይሆናል። ከአያት ቦሌ፣ ከቦሌ ሳር ቤት ብቻ ለምትመላለሱ ይሻላል። ይህን ሳላመነታ ነው የምናገረው። በከተማ ውስጥ ለስም ብሎ አሮጌ ቪ8 መያዝ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ግን ሥራቸው ከከተማ የሚያስወጣቸው ሰዎች አሉ። በየወሩ ወደ ባሌ የሚወርድ፣ በክረምት ጭቃ እርሻው የሚሄድ፣ ከወልዲያ ወደ ላሊበላ ቤተሰብ ይዞ የሚወጣ ሰው አለ። ቻርጅ ማድረጊያ በየመንገዱ እስኪዳረስ ድረስ ለእነዚህ ሰዎች ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ የትም ቦታ ሜካኒክ የሚያውቀው መኪና ቅንጦት አይደለም። የአክስቴ ልጅም ከእነሱ አንዱ ነው። ሥራው ጉድጓድ ቁፋሮ ነው፤ ከወሩ ግማሹን ቦረና ነው የሚያሳልፈው።

ነጩን ፕራዶ ትተን አምስት ሳምንት ያህል ፈለግን። በመጨረሻ ያገኘነው ያለ ደላላ፣ በሰው በሰው ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። ጉልበታቸውን እያመማቸው መኪናው ላይ መውጣት ስላቃታቸው ነው የሚሸጡት። በፈረንጆቹ 2010 ሞዴል፣ ያው 3.0 ናፍጣ፤ 291 ሺህ 400 ኪሎሜትር። የአክስቴ ልጅ ሚስት በስልክ «ሦስት መቶ ሺህ የሄደ መኪና ነው የምትገዛው?» ብላ ስትጮህ እኔ ሁሉ ሰማኋት።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር። ሜካኒኩ አስነሳው፤ ኮፈኑን ከፍቶ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ብዙ ቆመ። ከዚያ «ጋሼ፣ የዘይት ካርተሩን አውርጄ ወንፊቱን ባየው ቅር ይልዎታል?» አላቸው። «እየው ልጄ፣ እኔም ባየው ደስ ይለኛል» አሉት። ወንፊቱ ንጹሕ ነበር። ያን ጊዜ ነው ወደ ቤት ገብተው አንድ ሉክ ደብተር ይዘው የወጡት። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የተቀየረው ዕቃ፣ የከፈሉት ብር። ዘይት በየ5 ሺህ። ኢንጀክተር ዋሸር ሁለት ጊዜ። ቤልት በ148 ሺህ። በ2009 ዓ.ም. አንድ ገጽ ላይ «ራዲያተር አፈሰሰ፣ አዋሽ ላይ አደርን» ይላል።

ዋጋ ላይ ብዙ አልተከራከርንም። ስሙ ከተዛወረ በኋላ ደብተሩን ከቁልፉ ጋር ሰጡት። አሁን ዳሽቦርዱ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው ሰሞን ከፍቼ አየሁት። ከሽማግሌው ጽሑፍ ሥር የአክስቴ ልጅ በእጁ የጻፈው የመጀመሪያ መስመር አለ፦ «ቤልት ከነውሃ ፓምፑ፣ 292,100»።